የባሻ ልየው ማነጣጠሪያ

በአንድ ወቅት፣ ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ባሻ ልየው የሚባል አልሞ ተኳሽ ነበር። ጠመንጃው አገሬው ሁሉ እንደሚይዘው ቤልጅግ ነው፤ ማነጣጠሪያዋ ግን የማንንም አትመስልም። ከቃታው በላይ በብሎን የታሰረች ክብ ብረት ናት፤ መሐሏ ላይ ምስር የምታሳልፍ ቀዳዳ አለቻት፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ቀጭ ቀጭ እያለች ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምታስኬዳት ትንሽ መዘውር። ባሻ በወታደርነቱ ዘመን በተኩስ ውድድር አሸንፎ ነው ያገኛት። አገሬው «ጠመንጃው መነጽር አደረገ» እያለ ይስቅ ነበር። ኢላማ የተተከለ ቀን ግን ማን እንደሚስቅ ይታወቃል!

ባሻ ሞተ። ሰው ነውና ሞተ። ሚስቱ እናንዬ እንባ እንቢ አላት። አልቃሿ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ሙሾ ስታወርድ፣ እሷ ስለ ጎረቤት ሞት እንደሚነገራት ሰው ዝም ብላ ታያለች። «ደንዝዣለሁ» አለች ለጠየቃት ሁሉ። እውነቷን ነው፤ ሌላ ምንም አልተሰማትም።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። የሟች ጠመንጃ በሙት ዓመቱ ዕለት ከሚስቱ እጅ ወደ አንዱ ልጅ እጅ ያልፋል። ጠመንጃውን የተቀበለ እናቱንም ይቀበላል፤ ቤቱ ወስዶ ይጦራታል፣ ስትሞትም ይቀብራታል። ባሻና እናንዬ የኖሩበት ቤት የኪራይ ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላትም። ሦስት ልጆች ግን አሏት፤ ታላቁ ስማቸው፣ መካከለኛዋ አንጓች፣ ታናሹ አዲሴ። በማን ቤት እንደምታረጅ የሚወስነው እንግዲህ ያ ብረት ነው።

በቀብሩ ዕለት ጠመንጃው ከሬሳው ፊት ይሄዳል። የባል ጠመንጃ ዝጎ ከወጣ ነውሩ የሚስት ነው። እናንዬ አመድና ሎሚ ይዛ ቁጭ አለች። እንደ ድስት ፈተገችው። ክንዷ ሲዝል አልተሰማት፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸው፣ ድሮም የሳሳው ቁጥርና ማኅተም ተፍቆ ሲጠፋም አላየች። ሴቶቹ «እሰይ፣ እንዴት አበራችው!» ይላሉ። ስማቸው ይህን አየ። እናቱን አልተቆጣም፤ በሐዘን ቤት ማን ይቆጣል? ጎንበስ ብሎ በቢላዋ ጫፍ ብሎኗን ፈታና ማነጣጠሪያዋን ኪሱ ከተታት።

«ይቺን ተይልኝ እማዬ። አባባ ሰው ሲነካት አይወድም ነበር።»

«ውሰዳት» አለች።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። አንድ ቀን ብረት ሠሪው ጎሹ ሊያጽናናት መጣና ዓይኑ አረፈበት። «እናንዬ፣ ይሄ እኮ ሸጋ ማረሻ ይወጣዋል» አላት። «ውሰደው» አለችው፤ ወንፊት የምታውስ ያህል እንኳ አላሰበችበትም። አዲሴ ወሬውን የሰማው እርሻ ላይ ነው። ሞፈሩን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ ወናፉ ይነፋል፣ ፍሙ ቀልቷል። «ኧረ በሕግ! የአባቴን ጠመንጃ አታቅልጥብኝ!» ብሎ ጮኸ። ጎሹ የሰጡትን የሚመልስ ሰው አይደለም። ስለዚህ አዲሴ ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ነድቶ ሰጠውና ጠመንጃውን ተሸክሞ ተመለሰ። በአንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ አይታችሁ ከሆነ እናንተ ንገሩኝ። እናንዬ «ምን አደከመህ ልጄ?» ብቻ አለችው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጠመንጃውን ልውሰድ የሚል ጠፋ። ስማቸው «እናት ከሴት ልጇ ጋር ይሻላታል» ይላል። አንጓች «የበኩር ልጅ እያለ?» ትላለች። አዲሴ «ለእርሻ በሬ ልዋስ» ብሎ ይወጣል። እናንዬ ይህን ሁሉ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እንኳን ልትቀየም፣ ስለ እሷ የሚያወሩም አልመሰላት።

በዚህ መሐል አቶ ጳውሎስ የሚባል የድሮ መሣሪያ አዋቂ ለሠርግ ተጠርቶ ወደ ከተማዋ መጣ። ልጆቹ ቤት ድረስ አምጥተው ጠመንጃውን አሳዩት። አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ማን ነው እንዲህ የፋቀው? ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። አበላሽታችሁታል» አለ። ስማቸው ማነጣጠሪያዋን ከኪሱ ሲያወጣለት ግን ሰውየው መነጽሩን ጠራርጎ ተቀመጠ።

«ይቺ ለውድድር ተብላ የተሠራች ናት፤ ቀለሟም አልተነካም። ከገዛ ጠመንጃዋ ጋር መሆኗ ቢረጋገጥ ጥሩ የቆርቆሮ ቤት ታሠራለች። ብቻዋን ግን ማን ያምናታል? ከየትም ተፈትታ የመጣች ልትሆን ትችላለች።»

ወንዶቹ ተስፋ ቆረጡ። አንጓች ግን «ቆይ» አለች። ድስት ስትፈትግ ያደገች ሴት አመድ የማይደርስበትን ቦታ ታውቃለች። ከሰደፉ ግርጌ ያለችውን ብረት መፍታት ጀመረች። ስማቸው «ተይ፣ ጨርሰሽ ልትሰብሪው ነው!» ቢላት ጆሮም አልሰጠችው። ብረቷ ስትነሳ፣ ከሥሯ ባለው እንጨት ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ማነጣጠሪያዋ ሆድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። አቶ ጳውሎስ ደስ ብሎት ተነሥቶ ጨበጣት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ደረሰ። ቄሱ ፍትሐቱን አድርሰው ሕዝቡ ከተቀመጠ በኋላ እናንዬ ማነጣጠሪያዋ የተመለሰችበትን ጠመንጃ ክንዷ ላይ አጋድማ ወጣች። ሦስቱም ልጆች እጃቸውን ዘረጉ። ጎረቤታቸው አያ ጥጋቡ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው አጉተመተሙ።

«እኔ ባልፈታት ማነጣጠሪያዋም በአመድ ታልቅ ነበር» አለ ስማቸው።

«እኔ ባልደርስ ጠመንጃው ዛሬ መሬት ይቆፍር ነበር» አለ አዲሴ።

«እኔ ቁጥሩን ባላገኝ ሁለቱም ዋጋ አይኖራቸውም ነበር» አለች አንጓች።

ሦስቱም እውነት ነው። እናንዬ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ዋጋው ሳይታወቅ በፊት ያልወሰዳችሁኝ ለምንድን ነው?» አለች። አልተቆጣችም፤ ሰዓት የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ስማቸው መሬት መሬት እያየ «ሚስቴ እንዳትበድልሽ ፈራሁ» አለ። አንጓች «የባሌን ፊት ፈራሁ እማዬ» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አዲሴ ደግሞ «በሬዬን ከሰጠሁ በኋላ ምን እመግብሻለሁ ብዬ ነው» አለ።

ይኸም ሦስቱም እውነት ነው። እናንዬ አመነቻቸው፤ ብታምናቸውም ደረቷ ውስጥ ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም። የሦስቱ እጅ እንደተዘረጋ ነው፤ ሕዝቡም ይጠብቃል። ወጉ የሚያውቀው አንድ እጅ ብቻ ነው።

እኔ ነገሩን እስከዚህ አድርሻለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ጠመንጃው የሚገባው ለማን ነው? ከመመለሳችሁ በፊት ግን አስቡበት፤ የፈረዳችሁለት ሰው ማታ እናንዬንም ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። አሁንስ፣ ለማን ትሰጣላችሁ?