ዓይን ያልተሣለለት ሕዝብ

በጉንድ ዋርካ ማርያም ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሕዝብ ከሻሹ እስከ ጣቱ ጥፍር በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ፣ ከመካከሉ ዓይን ያለው አንድም ሰው የለም። አባቶች እንደሚሉት ሥራው የትርንጎ ነው።

ትርንጎ ከልጅነቷ እጅና እግሯ አይታዘዝላትም ነበር። ሥዕል ያስተማራት የለም፤ ወንድሟ ቢሰውር የፍየል ጠጉር በሸምበቆ ጫፍ እያሰረ፣ ቀይ አፈርና ጥላሸት እየበጠበጠ ሲያቀርብላት፣ እርሷ ሸምበቆውን በጥርሷ ነክሳ የጎጇቸውን ግድግዳ በሰውና በአውሬ ትሞላው ነበር ይባላል። ጎረቤቱም «እኛ በሁለት እጃችን ቤት መምረግ አቅቶናል» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን ቅናት አላጣውም።

የአገሩ ገዥ ግራዝማች ደምለው፣ ቢሰውር ርስቴን አልለቅም ቢላቸው አሰሩት። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑን የሚሥለው ሠዓሊ በንዳድ ሞተና ትርንጎን በቃሬዛ አስመጧት።

«ሕዝቡን ሣዪ። እኔን ከፊት፣ በሁለት ዓይን» አሏት። በሥዕል ሥርዓት ሁለት ዓይን የጻድቅ፣ አንድ ዓይን የኃጥእ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

«ወንድሜስ ጌታዬ?»

«ስትጨርሺ ይፈታል።»

ስድስት ወር ተጋድማ ሣለች። ጥርሷ እስኪነቃነቅ፣ አንገቷ እስኪደርቅ የመንደሯን ሰው ፊት እየለየች አኖረችው፤ ዓይን የሚገባው መጨረሻ ነውና እሱን አቆየችው። ቀለም የሚበጠብጡላትን እማማ የውብነሽን በየጠዋቱ «ቢሰውር እንዴት አደረ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አቀርቅረው «ደኅና ነው» ይሏታል።

ዓይን በምትጀምርበት ዕለት ግን አሮጊቷ አለቀሱ። ቢሰውር የሞተው በታሰረ በሳምንቱ ኖሯል፤ በስውር የቀበሩትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

«ሁሉም ያውቃል?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ምን እናድርግ ልጄ?»

ትርንጎም «አይቶ ላላየ ዓይን አልሥልም» ብላ ሸምበቆውን ተፋችው፤ ዳግመኛም አልነከሰችውም።

እሑድ ሕዝቡ ገብቶ እያንዳንዱ የራሱን ፊት ዓይን አጥቶ አገኘው። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዓይን እንዲጨምር የተቀጠረው ሠዓሊ ከመሰላል ወድቆ ሞተ፤ ሌላው ከደጀ ሰላሙ ተመለሰ፤ ግራዝማቹም በቀትር «መብራት አምጡ» ማለት ጀመሩ ይባላል።

ዛሬም በጉንድ ዋርካ ምስክር የተቆጠረ ሰው ቃሉን የሚሰጠው ወደዚያ ግድግዳ ዞሮ ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ቄስ ዓይኖቹ ይሣሉ ቢል፣ ሽማግሌዎቹ «የቢሰውርን መቃብር የሚያሳየን ይሣላቸው» አሉት። መቃብሩ ያለበትን ቦታ ከአያት ሰምቶ የሚያውቅ አንድ ቤት እስካሁን በመንደሩ እንዳለ ይነገራል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።