ያልተጠጣው ወተት

ኑ ወደዚህ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይደርሳችሁም። አንቺ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊና ወንድምሽም ይቀመጥ። በሉ፣ ቢስሚላህ።

በድሮ ዘመን፣ ከደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆላውን ቁልቁል በምታይ ከተማ፣ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ አላህን የሚፈሩ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው ሐቅ፣ ምላሳቸው ቁጥብ። ይማም የሚባል፣ ጎጆ የወጣ ልጅ ነበራቸው። እናቱ፣ አላህ ይዘንላት፣ «ሰው ቤት ሄደህ እንዳትስገበገብ» እያለች ነው ያሳደገችው። እኔስ እናንተን እንደዚያው አይደል የምላችሁ?

አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። ድርቆሹ አለቀ፣ የከብቱ ጎድን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ይማም ያለችው ጥሪት አንድ ጥማድ በሬ ናት፤ እነሱም ከተኙበት የሚነሱት ጅራታቸው ተይዞ ሆነ። በሬ ከሞተ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ቤትም የለም። ቆላው ወንዝ ዳር ግን ሳር ነበር። የሳሩ ባለቤቶች ግመል አርቢዎቹ ናቸው፤ ትልቃቸውም ሎኢታ ይባላል።

ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ይማምን ጠሩት። «ውረድና ሎኢታን ለምነው። ደግ ሰው ነው። ቋንቋቸውንም ገበያ ላይ ለምደኸዋል» አሉት።

ይማም ማለዳ ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ ደረሰ። ጉሮሮው ደርቋል፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ሎኢታ ሰሌን አነጠፈለት፣ ስለ አገሩም ስለ ሰዉም ስለ ዝናቡም አንድ በአንድ ጠየቀው። ከዚያ ሚስቱ አንድ ጮጮ ሙሉ የግመል ወተት አመጣች። ይማም ወተቱን ሲያየው ምራቁን ዋጠ። ግን አደብ አለው አይደል? «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። አሁን «በሞቴ» ይሉኛል፣ እኔም እምቢ እላለሁ፣ ደግመው ሲለምኑኝ እቀበላለሁ ብሎ ጠበቀ።

ማንም በሞቴ አላለም። ሴትዮዋ ጮጮዋን አንስታ ገባች። ጨዋታው ሁሉ ቀዘቀዘ። ይማም የሳሩን ነገር ሲያነሳም ሎኢታ «ሳሩ ለኛም አይበቃም። መንገድህን አላህ ያቅናልህ» አለና ተነሳ።

ዳገቱን ሲወጣ የይማም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። የውሃ ጥሙ አይደለም፤ በሬዎቹን ምን ብዬ አያቸዋለሁ ብሎ ነው። ከተማ ሲደርስ ግን እንባው ወደ ንዴት ተቀየረ። «ስስታሞች ናቸው አባባ፤ ለወጉ እንኳ ሁለተኛ አልጠየቁኝም» አለ።

ጎረቤታቸው አህመዴም አለ፣ የነገር እሳት ሲያይ ማገዶ የሚያቀብል። «እንዲህ ከሆነማ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ እኛም ጠግበናል እንበላቸው!» አለ። የከተማው ሰውም እውነት ነው ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሐጂ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ወተቱን ሲሰጡህ ምን አልክ?»

«ጠግቤያለሁ አልኩ።»

«ጠግበህ ነበር?»

ይማም አቀረቀረ። «አባባ፣ ወጉ ነው እንጂ…»

«የማን ወግ?» አሉ ሐጂ። «ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ረሃብንና ውሸትን አንድ ላይ አታድርጉ ማለታቸውን እያወቅሁ ሳልነግርህ ላክሁህ። ጥፋቱ የኔ ነው። በቅሎዬን ጫንልኝ።»

ያን ቁልቁለት በዚያ ጉልበታቸው ወረዱት። ይማም በቅሎዋን እየሳበ፣ በሆዱ «ደግሞ ሊያዋርዱን ነው» እያለ ይከተላል። ሎኢታ ሰሌኑን አነጠፈ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም። ሐጂ ስለ ሳር ቃል አልተነፈሱም። «ልጄ የመለሰውን ወተት ልጠጣ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ልጅዎ ወተታችንን ናቀ» አለ ሎኢታ። «ተርቦ እያየነው ጠግቤያለሁ አለ። እኛ ዘንድ ወተት የሚመልስ ቂም ያለው ሰው ነው። ቂመኛን ከከብቶቼ መሃል አላስገባም።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ» አሉ ሐጂ፣ «ጨዋ እንግዳ ቶሎ አይቀበልም። ባለቤቱ በሞቴ ብላ፣ በሞቴ ጠጣ እያለ ይለምነዋል።»

ሎኢታ ወደ ሚስቱ ዞሮ ነገራት። «ለአንድ ጮጮ ወተት ሞቱን ይጠራል?» አለች ሴትዮዋ። «ግመል ቢያርዱለትማ ማንን ሊገድሉ ነው?» ሐጂ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሎኢታም ፊቱ ተፈታ። «አንድ ጊዜ እርስዎ ቤት መጥቼ፣ በቃኝ ስል ያጎርሱኛል፣ በቃኝ ስል ያጎርሱኛል። ይህ ሽማግሌ ምን በድዬው ነው ብዬ ሆዴን ይዤ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ከተማችሁ ስመጣ ደጅዎን ዞሬ ነው የማልፈው።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ። «እኔም ሎኢታ ለምን ራቀኝ እያልሁ ስንት ዘመን ሳዝን!»

ሴትዮዋ ጮጮዋን አመጣች፤ የዘረጋችው ግን ወደ ይማም ነው። ይማም በቀኝ እጁ ተቀበለ፣ ቢስሚላህ አለና ሳያቋርጥ ጠጣ። አፉን ሳይጠርግ «ካለ ጨምሩልኝ» አለ። ሎኢታ ያን ጊዜ ነው ወደ ወንዙ ያመለከተው። «በሬዎችህን አውርድ። የጎረቤቶችህንም።»

ሲመለሱ ይማም «አባባ፣ እኔ እኮ ጠሉኝ ብዬ ነበር» አላቸው። ሐጂም በቅሏቸው ላይ ሆነው «ሰው የጠላህ ሲመስልህ፣ ባገሩ እንዴት እንደሚዋደዱ ጠይቅ» አሉት።

እኔ አልተማርሁም ልጆቼ፤ ቁርአን የቀሩት ሼሆች ግን አላህ ነገድ ከነገድ ያደረገን እንድንተዋወቅ ነው ይላሉ። መተዋወቅ ማለት ስም ማወቅ ይመስለኝ ነበር። ይማም ስማቸውንም ቋንቋቸውንም ያውቅ ነበር እኮ። ያላወቀው የሚወዱበትን መንገድ ነው። ሁለቱም ቤት ደግ፣ ሁለቱም ቤት ለእንግዳ የሚሳሳ፤ አንዱ እንግዳውን በመለመን፣ አንዱ ቃሉን በማመን። ያን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ለሰጠ ጌታ ምስጋና ይገባው።

የይማም በሬዎች አገገሙ፤ በክረምቱም አረሱ። ሎኢታ እህል ሊሸምት በመጣ ቁጥር ሐጂ ቤት ያርፍ ነበር፤ በቃኝ ሲል ይተዉታል። አህመዴም ላሞቹን ቆላ አውርዶ አተረፈ፣ ስለ ክፉ ምክሩም ዳግመኛ አላነሳም። ሐጂ እንድሪስ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአላህ ቀድር ሞቱ፤ የቆላ ሰዎች ጀናዛቸውን ሊሸኙ ያን ዳገት ወጡ። ይማም ሸምግሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ሞተ።