ወንበሩ ስንቴ ተነሳ?

አምባ ጥድ ከተማ ውስጥ ሰው ሊሾም ወይም ሊቀጠር ሲል ሽማግሌዎቹ አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋሉ። የዕድር ዳኛ ሲመረጥ ትባላለች፤ የወፍጮ ቤት ኃላፊ ሲፈለግ ትባላለች፤ ሽማግሌ ልኮ ልጅ የጠየቀ ሰው እንኳ በእሷ ተመዝኖ ያውቃል። እንግዳ ሲሰማት ግር ይለዋል፤ ግማሿ የእርሻ፣ ግማሿ የኳስ ሜዳ ናትና። አባባሏ የተወለደችው በከተማው መምህራን ኮሌጅ ነው፣ ያውም በአንድ ቅጥር የተነሳ።

በዚያን ዘመን የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን ክፉኛ ወድቆ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ኃላፊው መምህር ልሳነወርቅ ከሁለት ዓመት በፊት አሰልጣኝ መርጦ አስቀጥሯል። የመረጠው በአንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰውየው ትልቅ ዋንጫ ታቅፎ የተነሳው። ዋንጫውስ እውነተኛ ነበር። ሰውየው ግን ተጫዋቾቹን ለሁለት ከፍሎ፣ አናክሶ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ቡድኑ ከአስር ኮሌጆች አስረኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልሳነወርቅ ወደ መምህራን ክበብ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ «ፎቶ አንሺው መጣ» ይሉታል።

ዲኗ ወይዘሮ አስካለ አስጠርተው ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩት።

«መምህር፣ ይህ የመጨረሻ ዕድላችን ነው። ዘንድሮ ከአምስተኛ በታች ከወጣን ቡድኑ ይበተናል። ቦርዱ ወስኗል።»

መበተን ምን ማለት እንደሆነ ልሳነወርቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ሃያ ሁለቱ ልጆች መኝታና ምግብ የሚያገኙት በቡድኑ ስም ነው። ቡድኑ ከቀረ ግማሾቹ ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በአንድ ፎቶግራፍ የጀመረው ስህተት እዚህ ድረስ መጣ።

አሰልጣኝ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ ዲኗ ናቸው፤ አባላቱ ልሳነወርቅ፣ ሁለት መምህራንና የከተማው ሕዝብ ተወካይ አያ ደምለው። አያ ደምለው የበሬ ነጋዴ ናቸው። ኳስ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በእረፍት ሰዓት ያለቀ መስሏቸው ተመራርቀው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። መምህራኑ ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ሲያዩ ተያይተው ሳቁ።

ለመጨረሻው ዙር ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው አሰልጣኝ ናሁሠናይ ነው። የምስክር ወረቀቱ ማህደር አልበቃው ብሎ በሲባጎ ታስሯል፤ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ አሰላለፍ ሲያሳይ መምህራኑ ራሳቸው ተማሪ መሰሉ። ሁለተኛው አሰልጣኝ ቢራራ፣ ከአንድ የወረዳ ቡድን የመጣ፣ የያዘው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። «ምን አሸንፈሃል?» ሲባል ትንሽ አሰበና «ልጆቹ አልተበተኑብኝም» አለ። አንደኛው መምህር እስክሪብቶውን ከደነ።

ሊወስኑ ሲሉ አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ በሬ ስገዛ ጥርሱን አያለሁ፣ ሻኛውን እዳብሳለሁ» አሉ። «ይህንንማ ሻጩም ያውቃል፤ ለዚሁ ብሎ አብልቶ፣ አጥቦ ነው ገበያ የሚያወጣው። ስለዚህ ከሌላ በሬ ጋር ሳልጠምደው አልዋዋልም። ሲጠመድ የማየው መጎተቱን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጎኑ ያለውን በሬ ምን ያደርገዋል? የሚገፋ አለ፣ የሚወጋ አለ፣ አብሮ የሚስብም አለ። እነዚህንም ሰዎች ጥመዷቸው።»

መምህራኑ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ዲኗ ግን ሐሳቡን ወደዱት። ለእያንዳንዳቸው ሦስት የልምምድ ቀንና አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ከአንድ የጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር።

መጀመሪያ ናሁሠናይ አጫወተ። እውነቱ ይነገር ካልን ሰውየው ኳስ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈው ቡድን አራት ለዜሮ አሸነፈ። ተመልካቹ ሜዳ ገብቶ ጨፈረ፤ ልሳነወርቅ ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። አያ ደምለው ግን ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ለሜዳው ግማሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

«አያ ደምለው፣ አገኘን! አራት ለዜሮ!» አለ ልሳነወርቅ እየሮጠ መጥቶ።

«አራት ጊዜ ገባ?»

«አራት ጊዜ!»

«እንግዲያ ወንበሩ ስንቴ ተነሳ?»

«የምን ወንበር?»

«እነዚህ ሳይገቡ የዋሉት ሰባቱ። ጓደኞቻቸው ሲያገቡ ስንቴ ተነሱ?»

ልሳነወርቅ አልቆጠረም። ዓይኑ ኳሷ ላይ ነበር የዋለው። ሄዶ ከተጠባባቂዎቹ አንዱን፣ ይርዳው የሚባለውን ቀይ ካልሲ ያደረገ ልጅ ጠየቀው።

«ለመጀመሪያው ጎል ተነስተን ነበር መምህር» አለ ይርዳው የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ። «‹ተቀመጡ፣ አትጋርዱኝ› አለን። ከዚያ ወዲያ... እንጃ፣ ጎሉ የኛም አልመስል አለን።»

«ስምህንስ ያውቃል?»

«‹ባለ ቀይ ካልሲ› ነው የሚለኝ። በሦስት ቀን የስንቱን ስም ይያዝ ብለው ነው?»

ልሳነወርቅ ይህን ሲሰማ አንድ የተረሳ ነገር ወጋው። እሱም ተማሪ ሳለ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አሰልጣኙ «ያ ረጅሙ» እያለ ውሃ ያስመጣው ነበር እንጂ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለራሱም ቢሆን የነገረው አይመስልም፤ አሁን አፍሮ ነው ያስታወሰው።

በሳምንቱ የቢራራ ተራ ደረሰ። የጎረቤቱ ቡድን አራቱን ጎል ሊበቀል ምርጦቹን ሰብስቦ፣ ቂም ቋጥሮ መጣ። ልሳነወርቅ ዛሬ ከአያ ደምለው ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ቢራራ ከመስመሩ ዳር አልቆመም። ወንበሩ መሃል፣ ሦስቱን በቀኝ፣ አራቱን በግራ አድርጎ ተቀምጧል። «መላኩ፣ በረኛቸው ከፍ ያለ ኳስ ይፈራል ወይስ ዝቅ ያለ?» ይላል። «ይርዳው፣ ያንን አራት ቁጥር አደራህን፣ ዓይንህን ከእሱ እንዳትነቅል።» ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ሜዳውን ይመረምራሉ፤ ሥራ አላቸውና። ጎል ገባባቸው። ተመልካቹ አጉረመረመ፤ ቢራራ ግን ወደ ወንበሩ ዞሮ «እሺ፣ ምን አያችሁ?» አለ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይርዳው ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ አራት ቁጥሩ በግራው መዞር አይችልም። በዚያ በኩል ቢሄዱበት ያልፉታል።»

«ያየኸው አንተ፤ ሌላ ሰው ምን ያደርግልሃል? ግባ።»

ይርዳው ገባ። በአራት ቁጥሩ ግራ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተነጠቀ፤ በሦስተኛው አልፎት ለጓደኛው አቀበለ፤ ጓደኛው አስቆጠረ። ስድስቱ ተጠባባቂዎች እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ተቀይሮ የወጣው፣ አኩርፎ መቀመጥ የሚገባው ልጅ ሳይቀር ፎጣውን ወደ ላይ ወርውሮ ጮኸ። ልሳነወርቅ ራሱን መሃላቸው ቆሞ፣ የማን እንደሆነ የማያውቀውን አንገት አቅፎ አገኘው። ቢራራን ወደደው፤ በልጅነቱ ሊያገኘው ይመኘው የነበረውን ሰው ነው ያየው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሁለቱ መምህራን ናሁሠናይ አሉ፣ አያ ደምለውና ልሳነወርቅ ቢራራ አሉ። ዲኗ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አራት ለዜሮ ያሸነፈውን ትተን አንድ ለአንድ የወጣውን? መምህር፣ ፎቶ አንሺ መባሉ አንሶህ ነው? እሺ፣ ምርጫው የክፍልህ ይሁን። ቡድኑ ከተበተነ ግን አንተም ከኃላፊነትህ ትነሳለህ። ትፈርማለህ?»

ልሳነወርቅ ፈረመ።

ውድድሩ ሲጀመር ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። ክበብ ውስጥ ሳቁ ጨመረ፤ ልሳነወርቅ ሻዩን ቢሮው ያስመጣ ጀመር። ከዚያ ቡድኑ ቀስ በቀስ አቻ መውጣት፣ ቀጥሎም ማሸነፍ ለመደ። ለመጨረሻው ጨዋታ ሲደርሱ ስድስተኛ ነበሩ፤ ካሸነፉ ይተርፋሉ፣ ካላሸነፉ አለቀ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቆላ ወርደው ተጫውተው ነበርና በዚያው ሳምንት ዋናው አጥቂና ሁለት ተከላካዮች በወባ ተያዙ።

ዲኗ ራሳቸው ሜዳ መጡ። ይርዳውና ሁለት ተጠባባቂዎች በታመሙት ቦታ ተሰለፉ። ዓመቱን ሙሉ «ምን አየህ?» ሲባሉ የከረሙ ልጆች፣ የማያውቁት ሜዳ አልገቡም። ተጋጣሚዎቻቸው ቀድመው ቢያገቡም አልተደናገጡም። መላኩ አንድ አስቆጠረ። ሊያልቅ ሲል ይርዳው ሁለተኛውን አገባ።

ጩኸቱ ከተማውን ሲያናውጥ ልሳነወርቅ ኳሷን አላያትም፤ ዓይኑ ወንበሩ ላይ ነበር። ሦስቱ ሕሙማን ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ፣ ትኩሳቱ እያንዘፈዘፋቸው፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ ቆመዋል። ቦታቸውን ለያዙባቸው ልጆች ያጨበጭባሉ። ልሳነወርቅ እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

አራተኛ ወጡ። ዋንጫ የለም፣ ታቅፎ ፎቶ የሚነሳበት ነገርም የለም፤ ሃያ ሁለቱ ልጆች ግን በዚያ ምሽት እንደ ወትሯቸው በኮሌጁ መመገቢያ አዳራሽ እራታቸውን በሉ። ዲኗ ከሜዳው ሲወጡ ከአያ ደምለው ጋር ተገናኙ።

«አያ ደምለው፣ እስቲ ይንገሩኝ። ኳስ ሳያውቁ አሰልጣኝ እንዴት አወቁ?»

አያ ደምለው ከድንጋያቸው ተነስተው የጋቢያቸውን አቧራ አራገፉና፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡትን ሦስቱን ልጆች በከዘራቸው እያሳዩ፣ «ምን እውቀት ይፈልጋል እመቤቴ፤ በሬን በቀንበር፣ አሰልጣኝን በወንበር» አሉ።