የሦስት ወር ጎረቤት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙ ንጋቱ ይባላል። ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖርበት የነበረውን ጠባብ ቤት ሸጠ። ሱቅ የሚሆን ክፍል ያለው የመንገድ ዳር ቤት እስኪያገኝ ድረስ ብሎ በሌላ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየ። «ለሦስት ወር ብቻ ነው» አላቸው እናቱን። ወይዘሮ የሺመቤት አልተቃወሙም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት።

«የድሮው ዕድሬ ሰፈር ስለለቀቅሁ ስሜን ሰርዟል። የዚህን ሰፈር ዕድር ግባልኝ። ያለ ቀባሪ መሄድ አልፈልግም።»

«ለሦስት ወር ዕድር ይገባል እንዴ፣ እማዬ?»

«በሦስት ወር ውስጥ አይሞትም ያለህ ማን ነው?»

ንጋቱ ሳቀ። እናቱ አልሳቁም።

ዕቃው እንደታሰረ ተቀመጠ። ከአልጋና ከምድጃ በቀር የተፈታ ነገር አልነበረም። እናቱ ወንበር አውጥተው ደጃፍ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ «ሰው አትልመጂ፤ ነገ ስንለያይ ታዝኛለሽ» እያለ ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። በኪራይ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ከዚህ በላይ አልልም።

በገቡ በሳምንቱ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ድንቁ በሩን አንኳኩ። ንጋቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ እንጂ ይግቡ አላላቸውም።

«እንኳን ደህና መጣህ። ዕድራችን ግባ ልልህ ነው።»

«እኛ እንኳ አላፊዎች ነን፣ ጋሼ።»

«እኛንስ ማን ተከለን?» አሉ ሽማግሌው።

በሩ ተዘጋ።

ሦስቱ ወር አለፈ፤ ቤት አልተገኘም። አንዱ ሻጭ ቃሉን አጠፈ። ሌላው ባደረ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። ክረምት ገባ፤ የእናትየው ሳል ከእርጥበቱ ጋር እየባሰ ሄደ። ንጋቱ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል።

«ቤታችን እስክንገባ ብቻ ታገሺ።»

«ልጄ፣ ሞት ደላላ የለውም» ይሉታል። «ቀጠሮ አስለውጠህ አትመልሰውም።»

አንድ ማለዳ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የሰፈር ሰው ሞቷል። ወይዘሮ የሺመቤት ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ጥቁር ቀሚሳቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«የት ልትሄጂ ነው? እዚህ ማንን ታውቂያለሽ?»

«ለቅሶ ለመድረስ ሟቹን ማወቅ አለብኝ?»

«እማዬ፣ ዛሬ የቤቱን ውል የምፈርምበት ቀን ነው። እባክሽ ተኚ።»

ቀትር ላይ በሩን ከውጭ ቆልፎ ሄደ። በጠባቧ መተላለፊያ ላይ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ፊት ለፊት መጡበት። መንገድ ሊለቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቃሬዛው ደረቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ከኋላ ጋሽ ድንቁ ነበሩ። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ንጋቱ አንድ እርምጃ እንኳ አልሸኘም፤ ሻጩ እንዳይሄድበት ሮጠ።

ውሉን ፈረመ። ማታ እየሳቀ ገባና ቁልፉን እናቱ መዳፍ ላይ አኖረ።

«እማዬ፣ ቤት አለን! ነገ እንገባለን።»

«ጎረቤታችን ማን ነው?»

ንጋቱ ጣሪያውን አይቷል፤ ውሃው መድረሱን አጣርቷል፤ የበሩን ስፋት ለክቷል። ይህን ግን አልጠየቀም።

«ደግሞ ለጎረቤት!» አለ። «ገብተን እናየዋለን።»

እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲነጋ ሞተው አገኛቸው።

መጀመሪያ ወደ ድሮ ሰፈሩ ሮጠ። የዕድሩ ዳኛ ከልባቸው አዘኑ። «ሰፈር የለቀቀን ዕድሩ አይቀብርም፤ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ። እኔ ራሴ እመጣለሁ» አሉት። አንድ ሰው ተገኘ። ሬሳ ደግሞ በአንድ ሰው አይወጣም።

ከዚያ ወደ አዲሱ ቤት ሄዶ አጠገቡ ያለውን በር አንኳኳ። አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«ማን ልበል?»

«ይኼን ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«ውይ! እንኳን ደህና መጡ። በሰላም ያኑርዎት። ቤተሰብ መቼ ይገባል?»

ለማያውቀው ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «እናቴን ቅበሩልኝ» ሊሆን ነው። «በቅርቡ» ብሎ ተመለሰ።

ቀኑ እየሄደ ነው። ሬሳው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። የቀረው አንድ በር ነበር። በዚያ በር ላይ ብዙ ቆመ። ከማንኳኳቱ በፊት ጋሽ ድንቁ ራሳቸው ወጡ።

«ምን ፈለግህ?»

«እናቴ ሞተች።»

ሽማግሌው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ዕድርተኛ አይደለንም፤ አውቃለሁ» አለ ንጋቱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ትናንት ሬሳ ይዘን ስናልፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፈህ አየሁህ።»

«አዎ።»

«ወንድሜ ነበር።»

ንጋቱ አንገቱን ደፋ። ሊሄድ ዞረ።

«ቁም!» አሉት። «ድንኳኑ የአባላት ነው፤ ልሰጥህ አልችልም። ትከሻችን ግን የዕድር ዕቃ አይደለም። እናትህ የሞቱት እዚህ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ሬሳ ናቸው።» ጡሩምባ ነፊውን ጠሩት።

ነፊው ጡሩምባውን ከአፉ ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፤ «ማን ሞቱ ብዬ ልጥራ?»

ጋሽ ድንቁ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። አያውቁትም። ከየበሩ ብቅ ያሉትም ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም በግድግዳው በኩል ሳላቸውን ሰምቷል፤ ስማቸውን ግን የሰማ አልነበረም።

«የሺመቤት» አለ ንጋቱ። «የሺመቤት አጥናፌ በል።»

ሰፈሩ ወጣ። ድንኳን ስላልነበረ በካፊያው ውስጥ ቆሙ። ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ተሸከሙ፤ ጋሽ ድንቁም በሐዘን በዛለው ትከሻቸው ተሸከሙ። አልቃሿ ሙሾ ልታወርድ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ስለ ደግነታቸው ምን ትበል? ስለ ጨዋታቸው፣ ስለ ባልትናቸውስ? አንድም የምታውቀው ነገር አልነበረም። «እናቴ፣ እናቴ» ብቻ እያለች መቃብር ደረሰች።

ንጋቱ ቀባሪ አላጣም፤ ያላጣው ሰዎቹ ከእሱ ስለተሻሉ ነው። እናቱ ግን የመጨረሻ ወራታቸውን ያለ ሰው ኖሩ። ያንን ዕድርም ሆነ አዲስ ቤት አይመልስላቸውም። ቤት ለጊዜው ይያዛል። ሰው ግን ለጊዜው አይኖርም፤ በኪራይ ቤት ያለፈውም ቀን ከዕድሜው ላይ ነው የሚቆጠረው። «ስገባ እጀምራለሁ» የሚል ሰው፣ ያለበት ቦታም ቦታ መሆኑን ረስቷል።

ከግድግዳዎ ማዶ የሚያስለው ሰው ስሙ ማን ነው?