ቬንቲሌተሩ ለማን ነው?

አቶ ሽብሩ የሚባሉ የድሬዳዋ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ርካሽ ገዝተው ከውድ የሚበልጥ ሥራ የሚጠብቁ። አንድ ቀን ቬንቲሌተራቸውን ወደ ደረታቸው አዙረው ወንበራቸው ላይ እንደተንሰራፉ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያውን አስጠሩት።

«ይህን አዲስ ማዘርቦርድ ከልኩ በላይ አፍጥንልኝ። አይችልም ካልክ ሙያ የለህምና ትባረራለህ፤ ቢቃጠል ደግሞ ትከሰሳለህ» አሉት።

ባለሙያው ማዘርቦርዱን፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ አገላብጦ አየው። ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎቹ ማቀዝቀዣ ብረት እንኳ አልተደረገላቸውም፤ ከልኩ በላይ ቢፈጥን በሙቀት መቃጠሉ ነው። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል ሆነበት።

«ይችላል ጌታዬ፤ ብቻ ቬንቲሌተር ያስፈልገዋል» አለ።

«ምን?» ብለው ጮኹ። «የሚሠራ ሙቀት አይፈራም! ቬንቲሌተር ለሰነፍ ነው!»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ፤ «እርስዎ ላይ ሲነፍስ አይቼ፣ ለሚሠራ የሚሰጥ መስሎኝ ነው።»