የጦጢት ችፕስና የሚዳቋ እግር

በድሮ ዘመን ነው፤ እንስሳት ዩኒቨርሲቲ ይገቡ በነበረበት ዘመን። አትሳቁ፣ ይገቡ ነበር አልኳችሁ።

ሚዳቋ ሯጭ ነበረች፣ ጥንቸል ወሬኛ ነበረች፣ እመት ጦጢት ደግሞ ብልጥ ነበረች። የግቢው ካፌ ለተማሪው ትኩስ ሣር ያበላል። ጦጢት ግን በሩ ላይ መጥበሻዋን ጥዳ ችፕስ ትሸጣለች።

የዩኒቨርሲቲው ሕግ ጥብቅ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ፣ መምህር አንበሳ ፊት ዳገቱን ሮጦ ያልወጣ ተማሪ ተባርሮ አገሩ ይገባል።

አንድ ቀን ሚዳቋ በበሩ ስታልፍ ጦጢት ጠራቻት።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ላጉርስሽ።»

«ይቅርብኝ እመት ጦጢት፣ ሣር በልቻለሁ።»

«ምነው ልጄ፣ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? በሞቴ!»

ተማሪው ሁሉ ያያል። ሚዳቋ አፈረችና ጎረሰች። ጦጢት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመቻት፤ ከዚያም ሠለሰቻት።

በማግስቱ ጥንቸል «ሁሉም እዚያ ነው» አለቻት፤ ሄደች። በሦስተኛው ቀን የካፌው ሰልፍ ረዘመባት፤ ሄደች። ከዚያ ወዲያማ ጠሪም አላስፈለጋት፤ ሣሩም ሩጫውም ቀረ።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚዳቋ ከጥንቸል ጋር ዳገቱን ልትሞክር ወጣች። እግሯ ድንጋይ ሆነባት። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተባርራ ብትመለስ እናቷን በምን ዓይኗ ታያለች?

«ቆይ ግን፣ አንቺ ለምንድን ነው ጦጢት ዘንድ የምትሄጂው?» አለቻት ጥንቸልን።

«አንቺ ስለምትሄጂ ነዋ።»

«እኔ እኮ የምሄደው አንቺ ስለምትሄጂ ነው።»

ተያዩ። ለካ አንድም ቀን ርቧቸው ሄደው አያውቁም።

በነጋታው ተማሪውን ሁሉ አስከትለው ጦጢት ዘንድ ሄዱ። ሚዳቋ ከችፕሱ ዘገነች።

«እመት ጦጢት፣ ስንት ቀን አጎረሱን፤ ዛሬ ተራው የእኛ ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ቅባት ነገር አይስማማኝም» አለች ጦጢት አምልጧት።

«ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?» አለ ተማሪው በአንድ አፍ።

ሚዳቋ ሦስት አጎረሰቻት፣ ጥንቸል ሦስት፣ ከርከሮ ሦስት፤ ኋላ ያለውም እየተጋፋ ሦስት ሦስት። ጦጢት ሆዷ ተነፍቶ ዛፍ መውጣት እንኳ አቃታት። መጥበሻዋን ተሸክማ እያቃሰተች አገር ለቃ ሄደች።

ሚዳቋስ? ሳምንቱን ሣሯን እየበላች ስትሮጥ ሰነበተች። በፈተናው ቀን ዳገቱን የወጣችው ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆና ነው፤ ግን ወጣች።

ልጆቼ፣ ሆድ ሳይርበው እግር ከሄደ የሚመራው ይሉኝታ ነው። «ሁሉም እዚያ ነው» ሲሏችሁ መጀመሪያ ሆዳችሁን ጠይቁት። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ በሉ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። የምታጎርሱኝ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ እናንተ ቅመሱት።