የይርዳው እባብና የእናቱ መኝታ

«ተረት ተረት።»
«ሰማን፣ ከጓዳ እስከ በረት።»

በድሮ ዘመን ይርዳው የሚባል ጎልማሳ ነበረ። ከአሮጊት እናቱ ከእማማ ብርነሽ ጋር ይኖር ነበር። አይጥ ጎተራውን ቢፈጅበት ከገደል ሥር አንድ እባብ አመጣና ቤት አስገባ። ስሙንም ገራሙ አለው። ገራሙ አይጡን ጨረሰና ከምድጃው ዳር፣ ከእናትየው መደብ ሥር ተጠቅልሎ ተኛ።

እናት፦ «ልጄ፣ ይሄን ነገር አውጣልኝ። እንቅልፍ አጣሁ።»
ይርዳው፦ «እማዬ፣ ሰው አይነካም። ልመጂው።»
እናት፦ «እኔ አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ዘመድ መጨመር አልችልም።»

ይርዳው ሳቀና ተወው። እናቱም አጎዛቸውን ጠቅልለው ከጥጆቹ ጋጣ ገብተው ያድሩ ጀመር። ጎረቤት ሲጠይቀው፦ «እማዬ ጥጃ ትወዳለች» ይላል። እባቡ እሳት ይሞቃል፣ እናት ብርድ ላይ ይስላሉ።

ከዚያም ይርዳው ስመኝ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አያቷ ግራዝማች ወንድይራድ «ቤቱን ሳላይ ልጅ አልሰጥም» ብለው መጡ። ግራዝማች የገደሉትን አንበሳ በየድግሱ ሲያወሩ የሚውሉ ሰው ናቸው። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ጠላ ቀረበላቸው፣ ወሬው ተጀመረ። አንበሳው ገና ሳይሞት ገራሙ ከመደቡ ሥር ወጣ። ግራዝማችም ጠላውን ደፍተው ቆጥ ላይ ወጡ። በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደ ወጡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ይርዳው፦ «ግራዝማች፣ ይውረዱ እንጂ። አይነክስም እኮ።»
ግራዝማች፦ «እኔማ ሰምቻለሁ። እግሬ ነው ያልሰማው።»
ይርዳው፦ «ፈርተው ነው?»
ግራዝማች፦ «ቆጡን እያየሁ ነው። ደኅና ቆጥ ነው።»

ቢለምናቸው እንቢ አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ግራዝማችም እዚያው ላይ ሆነው ጠየቁት።

«እናትህ የት ናቸው?»
«ጋጣ ውስጥ።»
«ምን ሊሠሩ?»

የእናትየው ሳል ከጥጆቹ ጋጣ ተሰማ።

ግራዝማች፦ «እናቱን ከጥጃ ጋር የሚያሳድር ሰው፣ ልጄንስ የት ሊያሳድራት ነው?»

ይርዳው አፈረ። እባቡን በቅርጫት አድርጎ እርሻው ዳር ወዳለው የድንጋይ ክምር ወሰደው። እዚያም አይጥ ሞልቷልና ገራሙ አልተከፋም። ከዚያም ይርዳው እናቱን ደግፎ አመጣና ከምድጃው ዳር አስቀመጣቸው። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ለመነ። ግራዝማችም ወረዱ፣ ስመኝም ተዳረች።

እማማ ብርነሽ ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ አንድ እንቁላል ለልጃቸው ይሰጡታል፦ «ለገራሙ አድርስልኝ። እንደምን ሰነበትክ በልልኝ። መልስ ካለው ግን አንተው እዚያው ተቀበልልኝ።»

እኔ ተርቼ ጨረስሁ፣ አፌ ደረቀ። ተረቴን መልሱልኝና ከዚያ ትኩስ ቂጣ ቁረሱልኝ።